ባሕር የተሻገረውና ቤት የቀረችው

በማኅበራችን ዓመታዊ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር



ከመጀመራችን በፊት አንድ ይቅርታ እንጠይቅ። እኛ የሐደራ ልጆች ነን። ቤት በአማርኛ፣ ትምህርት ቤት በዕብራይስጥ ነው ያደግነው፤ እንዲህ ሰው ፊት ስንቆም ሁለቱ ይደባለቁብናል። እናቶች ስትስቁ የት ላይ እንደተሳሳትን እናውቃለን። ሳቁ፣ ግን አታስቁሙን።

ኮሚቴው ዘንድሮ «ስለ ባሕር የሆነ ነገር ተናገሩ» ብሎ ነው የጠየቀን። ሐደራ የባሕር ከተማ ናት። ከጊቫት ኦልጋ ዳርቻ ቆመን የኤሌክትሪክ ጣቢያውን ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች እያየን ነው ያደግነው። በክረምት ሻርኮች ከጣቢያው ወደሚወጣው ሙቅ ውሃ እንደሚሰበሰቡም ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ሱዳኑ መርከብ መናገር ነበር።

ትልልቆቹ የትኛው መርከብ እንደሆነ ገብቷችኋል። ለታናናሾቻችን ግን እንንገራቸው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጠራው። ከ1981 መጨረሻ ጀምሮ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አካባቢ በስደት ከነበሩት ወገኖቻችን የተወሰኑት በሌሊት በጭነት መኪና እየተጫኑ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይወሰዱ ነበር። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ አሩስ በሚባል ቦታ፣ ሞሳድ የመዝናኛ መንደር ከፍቶ ነበር። ቀን ቀን ቱሪስት ይጠልቅበታል፤ ሌሊት ሌላ ሥራ ይሠራበታል። የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ሰዎቹን በጎማ ጀልባ አድርገው «ባት ጋሊም» ወደምትባለው መርከብ ያደርሷቸዋል። መርከቧም ወደ ሻርም ኤል ሼክ ታመጣቸዋለች፤ ያኔ ከተማው ገና በእስራኤል እጅ ነበር። በማርች 1982 የሱዳን ወታደሮች ዳርቻው ላይ ደረሱባቸው። ከዚያ በኋላ በአውሮፕላን ማውጣት ተጀመረ።

በ2019 ስለዚህ ታሪክ በኔትፍሊክስ ፊልም ወጥቷል። አይታችሁት ይሆናል። እኛም አየነው። ቆንጆ ነው፤ ፈረንጆቹ ይሮጣሉ፣ ይዋኛሉ፣ ይቀልዳሉ። የእኛ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጀልባ ላይ ሲወጡ ነው የሚታዩት። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

አያታችን አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1982 መጀመሪያ በዚያች መርከብ ከመጡት አንዱ ነበሩ። ታሪካቸውን በልጅነታችን መቶ ጊዜ ሰምተነዋል። ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። ሌሊት ዳር ላይ አስቀምጠዋቸው ድምፁን ሲሰሙ ትልቅ ነፋስ መሰላቸው። ከዚያ አንድ ወታደር አንሥቶ እንደ ሕፃን ተሸክሞ ጀልባ ውስጥ አስቀመጣቸው። ይህን ሲነግሩን ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። ትምህርት ቤት «የቤተሰብ ሥር» የሚባለውን ሥራ ሲሰጡን ሦስታችንም የጻፍነው ይህንኑ ነው። ሦስታችንም ጥሩ ነጥብ አገኘንበት።

ታዲያ ለዛሬው ንግግር እንደገና ልንጽፈው ቁጭ ስንል አንድ ነገር አስደነገጠን። አባባ መርከብ ላይ ሲወጡ እምዬ የት ነበረች?

አየት ቤት ነበረች። መልሱ ይኸው ነው። ወገራ፣ መንደር ውስጥ፣ አራት ልጆች ይዛ፣ አምስተኛውን አርግዛ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቅናትም።

ከመቀጠላችን በፊት፦ አባባን «አንቱ»፣ እምዬን «አንቺ» ነው የምንለው። የብዙዎቻችሁ ቤትም እንዲሁ ነው መቼም። እሱ ራሱ አንድ ነገር ሳይናገር አይቀርም።

አባባ የሄዱት በ1981 ጥቅምት ላይ ነው። «መንገዱን አይቼ እልክባችኋለሁ» ብለው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ባልሽ የት ሄደ ሲላት፣ «ሁመራ፣ ሰሊጥ አጨዳ» አለችው። በዚያ ወቅት ከጎንደር ብዙ ወንድ ለአጨዳ ሁመራ ስለሚወርድ አመነ። በዓመቱም ሁመራ ነው አለችው። በሁለተኛው ዓመት ሊቀ መንበሩ ሳቀና «የምን ሰሊጥ ነው የማያልቀው?» አላት። እምዬ ይህን ስትነግረን ራሷም ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ጸጥ አለች።

በአማርኛ ባሏ የሞተባት መበለት ናት፣ የተፋታችው ፈት ናት። ባሏ ያልሞተባት፣ ያልፈታትም፣ ግን ሄዶ ያልተመለሰላት ሴት ምን ትባላለች? እምዬን ጠየቅናት። «ምን ትባላለች፣ ‹ባሏ የት ሄደ› ትባላለች እንጂ» አለችን። ዕብራይስጥ ቃል አለው፤ ዓጉና ይላታል፣ ባሏ የጠፋባትና ጋብቻው አስሮ ያስቀራትን ሴት። የመርከብ መልህቅ ደግሞ ዖጌን ይባላል፤ ፊደሎቹ አንድ ናቸው። ይህን ስናገኝ በጣም ደስ ብሎን ነበር፤ ለንግግር የሚያምር ምሳሌ ነዋ። ስናስበው ግን ልክ አልመጣም። መልህቅ ከመርከቡ ጋር አብሮ ይሄዳል። እምዬ አልሄደችም።

አሁን ስለ ሌላ መርከብ እንንገራችሁ፤ ነገሩን ያስነሣውም እሱ ነው።

የታላቅ እህታችን ባል መርከበኛ ነው። በጭነት መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ይሠራል። አራት ወር ባሕር ላይ፣ ሁለት ወር ቤት። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ሰባት ዓመት፣ አራት ዓመትና አንድ ዓመት። አንዳንዶቻችሁ «አበሻና መርከብ ምን አገናኘው» ትሉ ይሆናል፤ አጎታችንም ሠርጉ ላይ ይህንኑ ብሏል። ዛሬ ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ ራሷ መርከበኛ ታሠለጥናለች፤ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር። እዚያ የተማሩ ወጣቶች በውጭ አገር መርከቦች ላይ ለወራት ይሠራሉ። ስለዚህ አሁን አንድ የጎንደር ልጅ ከሲንጋፖር ወደብ ቤቱ እየደወለ፣ ሚስቱ አዝሎ ማሳደሩን፣ ውሃ መቅዳቱን፣ ትምህርት ቤት ማድረሱን ብቻዋን ይዛው ይሆናል። የእኛ ቤት ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

የእህታችን ባል ሲቀጠር መንገዱ የታወቀ ነበር፤ ከሩቅ ምሥራቅ በባብ ኤል ማንደብና በቀይ ባሕር በኩል። በ2023 መጨረሻ ሑቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ጀመሩ። በኖቬምበር 19 ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከነሠራተኞቿ ወሰዱ። 25ቱ ሠራተኞች የተለቀቁት በጃንዋሪ 2025 ነው። ሌሎቹ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ በመልካም ተስፋ ርእስ መዞር ጀመሩ፤ መንገዱ ላይ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ የሚጨምር ነው። ነጋዴው ዕቃው ዘገየ ይላል። እህታችን ቤት ደግሞ «አባ ለሐኑካ ይመጣል» የተባለው ልጅ ሻማዎቹ ሁሉ አልቀው አባቱ አልመጣም።

ያ ክረምት ለማንም ቀላል አልነበረም። ከ300 ሺህ በላይ ሰው ሚሉኢም ተጠርቶ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ባላቸው ጋዛ ወይም ሰሜን ሆኖ ልጅ ይዘው ያደሩ እናቶች ተቀምጠዋል። ሚስቱ ነርስ ሆና ሌት ተቀን ስትሠራ ቤቱን የያዘ አባትም አለ፤ አይተነዋል፣ ስሙን እንዳንጠራው ለምኖናል። ስለዚህ ስለ መርከበኛ ሚስት ስንናገር እናንተን ረስተን አይደለም። የምናውቀው ቤት የእህታችን ስለሆነ ነው ከሱ የምንጀምረው።

የሰባት ዓመቱ ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር ስንወስደው ለኤሌክትሪክ ጣቢያው ከሰል የሚያመጡትን መርከቦች እያሳየ «ያ የአባ ነው?» ይላል። አይደለም እንለዋለን። «ያኛውስ?» የአራት ዓመቷ ደግሞ አባቷ የሚኖረው ስልክ ውስጥ ይመስላታል። ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ «አባ ተኛ» ትላለች። እንዲህ ሲሉ እንስቃለን፣ ለጓደኞቻችንም እናወራለን።

እህታችን ግን አትስቅም ነበር። ይህን ያስተዋልነው ዘግይተን ነው።

አንድ ሌሊት ትንሿ ትኩሳት ያዛት። ትልቁ ደግሞ በዚያው ሰሞን በአዛቃው ፈርቶ ብቻውን አልተኛም ይላል። እህታችን ወደ ቤተሰብ ደወለች። ከቤተሰቡ አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞት ነበር፣ «አይዞሽ፣ ትንሽ ቻይው፤ እምዬ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ የለ እንዴ?» አላት። እኛም እዚያው ነበርን። አልተቃወምንም። እንዲያውም ጥሩ ማበረታቻ መስሎን ነበር።

ከዚያች ሌሊት በኋላ መደወል አቆመች። «ደህና ነን» የሚል መልእክት በዋትሳፕ በየቀኑ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ከእኛ አንዱ ድንገት ቤቷ ሲሄድ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኛት። ዘይት አቃጥሏት ነው። አሥር ቀን ሆኖታል፣ መግል ይዟል። ለምን ኩፓት ሆሊም አልሄድሽም ስንላት፣ «ልጆቹን ማን ላይ ጥዬ?» አለች። ቤቷ ከእኛ ቤት በእግር የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ሰንበት ከወጣ በኋላ እምዬ ቡና አፍልታ ሁላችንም ተሰብስበን ሳለ ነገሩ ተነሣ። እጇ ተጠቅልሎ ስለሚታይ መደበቅ አልተቻለም። ያው ዘመዳችን አሁንም ለማጽናናት ብሎ «እምዬ እኮ ብቻዋን ዘጠኝ ዓመት...» ሲል እምዬ ሲኒውን አስቀመጠች።

«ማን ነው ብቻዋን የጠበቀች ያላችሁ?» አለች።

ከዚያ ቆጠረች። በጣቷ ነው የቆጠረችው፤ እኛም እንደነገረችን እናስቀምጠዋለን።

አባባ ከሄዱ በአምስተኛው ወር ሴት ልጅ ወለደች። ትልልቆቹ እንደምታውቁት፣ በአገር ቤት በእኛ ሕግ ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀን ከቤት ውጭ ናት፤ ወንድ ከሆነ አርባ። ጎጆው በድንጋይ ይከበባል፣ ከድንጋዩ ማንም አያልፍም። እንግዲህ አስቡት። ባል የለም፣ እናት ሰማንያ ቀን ጎጆ ውስጥ፣ አራት ልጆች ቤት ውስጥ፤ ትልቋ፣ አክስታችን፣ ዘጠኝ ዓመቷ። ልጆቹን ማን አበላ? የአባባ እናት፣ ዓይናቸው በደንብ አያይም ነበር፣ ግን እንጀራውን በእጃቸው እየዳሰሱ ይጋግሩ ነበር። ውሃውን ጎረቤት ሴቶች በተራ ቀዱ። ማታ ማታ ልጆቹ ከድንጋዩ ወዲህ ይቀመጣሉ፣ እሷ ከድንጋዩ ወዲያ ትቀመጣለች፣ ተረት ትነግራቸዋለች። ሦስተኛው ልጅ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አንድ ቀን ድንጋዩን ዘሎ ሮጦ መጣና አቀፋት። ከዚያ ወዲያ እሱም እስኪነጻ ድረስ ከሌሎቹ ተለየ። «ደስ ነበር ያለው» አለችን።

መሬቱንስ? በደርግ ጊዜ ከገበሬ ማኅበሩ የደረሳቸው መሬት ነበር። ሴት ሞፈር አትይዝም። አንድ ክርስቲያን ጎረቤት በእኩል አረሰላት። ሰው «ለምን ለፈላሻ ታርሳለህ» ሲለው «በሬው ነው የሚያርሰው፣ እሱን ጠይቁት» ይል ነበር አሉ። እሷ ደግሞ ምጣድና ጀበና እየሠራች ትሸጣለች። ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ስለሆነ አይሆንላትም፤ በሌላ ቀን ወደሚቆመው ሩቅ ገበያ ትሄዳለች። ያን ቀን ልጆቹን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ የመምህሩ ሚስት ትይዛቸዋለች። «እኔ ጠበቅሁ ትላላችሁ፤ ሰባት ሰው ነው የጠበቀኝ» አለች።

ያን ምሽት ተጨማሪም ነገረችን። የምንናገረው ስላስፈቀድናት ነው፤ አሁንም እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

በ1985፣ የሙሴ ዘመቻ ከቆመ በኋላ፣ በጎንደር ከተማ በሚኖር ዘመድ በኩል ከአባባ ካሴት ደረሳት። ማጫወቻ የላቸውም፤ መምህሩ ቤት ሄደው ሰሙት። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያልሰሙት ድምፅ ወጣ። ሰላምታው አለቀና አባባ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ በሬው ነበር። «ከልጆቹ በፊት ስለ በሬው!» ትላለች እምዬ፤ አርባ ዓመት አልፎትም ገና አልበረደላትም። በሬው በ1984ቱ ድርቅ ተሽጦ ነበር። እሷም መልስ ቀረጸች። «ሁላችንም ደህና ነን፣ በሬውም ደህና ነው» አለች።

ሁሉም ደህና አልነበሩም። ድንጋዩን የዘለለው ልጅ በዚያው ድርቅ ዓመት በኩፍኝ ሞቷል።

በካሴት አልነገረቻቸውም። በሚቀጥለውም አልነገረችም። ካሴት በሰው እጅ ነው የሚሄደው፣ ስንት ሰው ይሰማዋል፣ ደግሞስ እዚያ ሰው አገር ብቻውን ተቀምጦ ምን ይሁን ብላ። በ1990 ልጆቿን ይዛ እንደ ብዙ ሺህ ሰው ወደ አዲስ አበባ ወረደች፤ በኪራይ ቤት ቆየች። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲመጣ፣ እነሱም መጡ። አባባ ያረፉበት ሆቴል ድረስ መጡ፤ ጃኬት ለብሰው፣ ዕብራይስጥ ለምደው፣ ለአምስት ልጆች አምስት ጥንድ ጫማ በከረጢት ይዘው። አራት ልጆች ቆመዋል። አባባ ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ።

በሆዷ የተዉት ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ጀርባ ተደብቃ «ጋሼ» አለቻቸው።

አባባ ሁለት ሌሊት ከሆቴሉ ወጥተው ጓደኛቸው ቤት አደሩ። ከተመለሱ በኋላም አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ ሰላም አልነበረም። ልጆቹ አባታቸው አንድ ነገር ሲያዛቸው መጀመሪያ የእናታቸውን ዓይን ያያሉ። አባባ ያን ሲያዩ ይቆጣሉ። «እኔ ባሕር ተሻግሬ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ» ይላሉ። እሷ ምንም አትልም። «እሱም ተጎድቷል» አለችን እምዬ። «የልጁን ነገር ያልነገርሁት ለሱ ብዬ ነው። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ለሞተ ልጅ ጫማ ሲገዛ ኖረ፤ በየዓመቱ ቁጥሩን እየጨመረ። ልክ ነበርሽ ወይ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ።»

ማንም አልጠየቃትም። ቡናው በረደ።

ከዚያ ወደ እህታችን ዞር ብላ፣ «ባልሽ እጅሽን ያውቃል?» አለቻት። አያውቅም። ስልኩ ላይ ሁልጊዜ ግራ እጇን ነበር የምታሳየው።

በማግሥቱ ነገረችው። መርከቡ ያኔ ከደቡብ አፍሪካ በላይ ነበር፣ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ምን እንዳለች ሙሉውን አልነገረችንም፤ እጇን፣ አዛቃውን፣ «ቻይው» መባሏን እንደነገረችው ግን እናውቃለን። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በላይ እንደሆነና አንድ ጓደኛው ራሱን ስቶ እንደወደቀ ነገራት። ለካ እሱም ወራቱን ሁሉ «ደህና ነኝ» እያለ ነበር። ሁለቱም ደህና፣ በሬውም ደህና።

አሁን ወደኛ እንምጣ። በየዓመቱ በኢያር 28 ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድ የሞቱትን እናስባለን፤ አራት ሺህ ያህል ናቸው፣ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ አላቸው። ይገባቸዋል። ቤት ለቀሩት ሌላ ሥነ ሥርዓት ይጨመር እያልን አይደለም፤ ሥነ ሥርዓት አላነሰንም። እኛ የምንለው የእምዬን ዘጠኝ ዓመት አንሥቶ የደከመች ሴት አፍ መዝጊያ ማድረግ ይቅር ነው። እሷ ራሷ አልፈቀደችም። ዘጠኝ ዓመቱን የሚጠራ ሰው ሰባቱንም ሰዎች ይጥራ፤ ከነሱም አንዱን ይሁን።

እኛ ተራ ገባን። አምስት ሆነን ነው የጀመርነው፤ እኛ ሦስታችንና ከማኅበሩ ሁለት። እሑድና ረቡዕ ልጆቹን ከትምህርት ቤትና ከጋን እናመጣለን። በነገራችን ላይ እምዬ መጀመሪያ ሐደራ ስትመጣ «ልጆቹ ጋን ገቡ» ሲሏት የጠላ ጋን መስሏት ደንግጣ ነበር። ማክሰኞ ማታ ከእኛ አንዱ እዚያ ያድራል፣ እህታችን ትተኛለች ወይም ወደምትፈልገው ትሄዳለች። የት እንደምትሄድ አንጠይቅም።

ቀላል ነበር ብለን አንዋሽም። መጀመሪያ እህታችን ራሷ እምቢ አለች። «ሰው ቤቴን እንዲያይ አልፈልግም» አለች። ገመና ነው፤ ያልታጠበ ዕቃ፣ ያልታጠፈ ልብስ፣ ባል የሌለበት ቤት ወጣት ሲገባና ሲወጣ ጎረቤት የሚለው። ይህን የፈታችው እምዬ ናት። ነጠላዋን ለብሳ ሄዳ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጠች። «አሮጊት የተቀመጠችበት ቤት ማን ቢገባ ማን ያማል?» አለች። እኛም ጥፋት አላነሰንም። አንድ ረቡዕ ሁለት ሰው «ተራው የሱ ነው» ተባብሎ የአራት ዓመቷ ጋን በር ላይ አርባ ደቂቃ ከጠባቂው ጋር ቆማለች። እሱን ለወላጆች ስንናገር እናፍራለን፣ ግን የሆነ ነገር ነው።

ባልየው ሲመለስም ችግር ነበር። ሁለት ወር ቤት ይቀመጣል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስኳሩ የት እንዳለ አያውቅም፣ ልጆቹ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ አያውቅም፣ ግን አባት ነውና ያዛል። ትልቁ ልጅ የእናቱን ዓይን አየ። ልክ እንደ ሆቴሉ። እዚህ ላይ እህታችን ያደረገችውን እንወደዋለን፤ ከቤት ወጣች። ሐሙስ ጠዋት ሦስቱን ልጆች ለሱ ትታ እምዬ ቤት መጥታ እስከ ማታ ተኛች። ማታ ስትመለስ ቤቱ ተገልብጧል፣ ልጆቹ እራት የበሉት ኮርንፍሌክስ ነው፣ እሱ ወለሉ ላይ ትንሿን ደረቱ ላይ አስተኝቶ አንቀላፍቷል። ስኳሩን ግን አግኝቶታል።

ወንዶች አባቶች ሆይ፣ ይህን ስንናገር እናንተን ለመውቀስ አይደለም። ባሕር ላይ ያለውም፣ ሚሉኢም ላይ ያለውም ለቤቱ ነው የሚደክመው። አባባ ስለ በሬው የጠየቁት ልጆቻቸውን ስላልወደዱ አይደለም። በሬው ካለ ልጆቹ ይበላሉ ማለታቸው ነው። እምዬ ይህን ነግረናት፣ «እሱማ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መጀመሪያ ልጆቹን» አለች።

ጫማዎቹን ታስታውሳላችሁ፣ አምስቱን ጥንድ። አምስተኛው ጥንድ እምዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ያን ምሽት ነው ያሳየችን። የወንድ ልጅ ጫማ ነው፣ ቡናማ፣ ማሰሪያው ገና አልተፈታም። ሠላሳ ዓመት በዚያ ቤት ስንገባና ስንወጣ፣ የሰንበት ዳቦ ስንበላ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍተን ጋቢ ስናወጣ፣ የማን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅንም።

የእህታችን ባል ባለፈው ሳምንት እንደገና ሄዷል። በአራት ወር ይመለሳል ተብሏል፤ መንገዱ አሁንም በደቡብ አፍሪካ ዙሪያ ነው፣ ስለዚህ ለልጆቹ ቀን አልነገርናቸውም። ከተራ ገቢዎቹ ሁለቱ በዚህ ወር ወታደር ይገባሉ። በጊቫት ኦልጋና በቤት ኤሊዔዘር ደግሞ ሌሎች ሦስት ቤቶች አሉ፤ እናቶቹ ጠይቀውናል፣ ስም አንጠራም። የተራ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ለእሑድና ለረቡዕ ስድስት ሰው፣ ለማክሰኞ ማታ ደግሞ መኪና ያለው አንድ ሰው እንፈልጋለን። እምዬም ወረቀቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ቡና አለ።